የሄሞፊሊያ ልጅ ጉልበት አይታሽም

ሄሞፊሊያ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ፣ ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች በማነሳቸው የሚመጣ፣ በዘር የሚወረስ ሕመም ነው። በብዛት የሚታየው የፋክተር 8 እጥረት ሲሆን ከ5,000 ወንድ ልጆች በአንዱ ላይ ገደማ ይገኛል፤ የፋክተር 9 እጥረት ከዚያም ያነሰ ነው። እዚህ ጎንደር በሕፃናት ክፍል ነርስነት ስሠራ፣ የሕመሙን ስም ሰምቶ የማያውቅ ቤተሰብ ሲመጣ አልገረምም፤ የሚያታክተኝ በእርግጠኝነት የሚነገረው ስሕተት ነው።

«ትንሽ ከተቧጨረ ደሙ ፈስሶ ያልቃል» ይባላል። ደሙ ከሌላው ሰው ደም በፍጥነት አይፈስም፤ ለመቆም ግን ይዘገያል። ቀላል ጭረት ተጭነው ሲይዙት ይቆማል፤ የሚያሰጋው በመገጣጠሚያ፣ በጡንቻና በጭንቅላት ውስጥ የሚፈሰው ነው። «ይጋባል» የሚለውም ፍጹም ሐሰት ነው።

«እናቱ ናት ያመጣችበት» የሚሉ አማቶች አሉ። ጉድለቱ ወንድ ልጅ ከእናቱ ብቻ በሚወርሰው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ፣ ተሸካሚ (ጉድለቱን የያዘች) እናት የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ከታማሚዎቹ ሲሶ የሚሆኑት በቤተሰባቸው ምንም ታሪክ የሌላቸው፣ ጉድለቱ በአዲስ መልክ የተፈጠረባቸው ናቸው። ታማሚ አባት ደግሞ ለወንድ ልጁ አያወርስም፤ ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «ወለምታ ነው፤ ወጌሻ ይየው» የሚለው ነው። ልጁ ሳይወድቅ ጉልበቱ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ አልዘረጋ ይላል። እብጠቱ በመገጣጠሚያው ውስጥ የፈሰሰ ደም ስለሆነ፣ ሲታሽ ሊረጋ የጀመረው ይቀደድና መፍሰሱ እንደ አዲስ ይቀጥላል። ይህ ሲደጋገም የመገጣጠሚያው ስስ ሽፋን ይቆጣል፣ ልምአጥንቱ ይበላል፣ በመጨረሻም እግሩ እንደታጠፈ ይቀራል። ወጌሻ ሁሉ አጥፊ ነው አልልም፤ በዚህ ጉልበት ላይ ግን ጥበቡ አይሠራም።

ከደምቢያ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ጋቢውን ስገልጠው ጉልበቱ በቅቤ ያብረቀርቃል፣ ጭኑ ላይ የአሻሹ ጣቶች ያረፉበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። አያቱን ስጠይቃቸው፣ በስምንተኛው ቀን ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ እንደነበር፣ የእናቱ ወንድምም በሕፃንነቱ እንጥሉን ተቆርጦ ደም ሲፈሰው መሞቱን ነገሩኝ። ሁለቱንም ቡዳ ነው ብለው አልፈውታል! ከዚህ የበለጠ ግልጽ የቤተሰብ ታሪክ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ በወንድም ወይም በእናት ወንድም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከታየ፣ ሕፃኑ ሳይመረመር አይገረዝ፤ ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥማ ለማንም ልጅ አይበጅም። ጉልበቱ ሲያብጥ ልጁ ይረፍ፣ እግሩ ከፍ ይበል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይያዝበት፣ ፋክተሩም ሳይዘገይ ይሰጠው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መድማቱን ያባብሳሉ፣ በጡንቻ የሚሰጥ መርፌም ጡንቻውን ያደማል። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ፋክተሩን ግን አያስቀርም። ጭንቅላቱን ከተመታ ደግሞ ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ፤ ለተረኛው ሐኪምም ካርድ እስኪወጣ ሳይጠበቅ «ሄሞፊሊያ አለበት» ተብሎ ይነገረው።