ታኮ አል ፓስቶር በቤት ውስጥ፦ የሚባለውና እውነታው

አል ፓስቶር ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ማታ ማታ መንገድ ዳር የሚበላ ታኮ ነው። በቅመም የተዘፈዘፈ ቀጭን የአሳማ ሥጋ ትሮምፖ በሚባል የቁም ዘንግ ላይ ይደራረባል። ዘንጉ እሳት ፊት ሲሽከረከር ባለሙያው የበሰለውን ላይ ላዩን እየገፈፈ በትንሽ የበቆሎ ቂጣ ላይ ያደርገዋል። ከላይ አናናስ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ይጨምርበታል።

ይህን ምግብ ቤት ውስጥ መሥራት የሚፈልግ ብዙ ነው። ግን የሚሰማው ነገር ግማሹ ያስፈራዋል፣ ግማሹ ደግሞ ያሳስተዋል። እኔ በጣም የምወደው ምግብ ስለሆነ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ትሮምፖ ከሌለ አይሆንም»

ይሆናል። የትሮምፖ ሥራ ምን እንደሆነ ማወቅ ይበቃል። እሳቱ የሚነካው የሥጋውን ውጭ ብቻ ነው። ውጩ ይደርቃል፣ ጠርዙ ጠቆር ይላል፣ ከዚያ ተገፎ ይበላል፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ በተራው ለእሳት ይጋለጣል። ጮማው ከላይ ወደ ታች እየቀለጠ ሥጋውን ያርሰዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ሁለት ነገር ነው፦ ቀጭን ሥጋና ኃይለኛ እሳት።

ቀላሉ መንገድ ይኼ ነው። 1 ኪሎ የትከሻ ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ለ40 ደቂቃ ያህል አስቀምጡ። ጠንከር ስለሚል ግማሽ ሴንቲ ሜትር አድርጎ መቁረጥ አያስቸግርም። ከታች በማነሣው ቅመም ከተዘፈዘፈ በኋላ የተረፈውን ቅመም ጠረግ አድርጉና በጣም በጋለ የብረት መጥበሻ ላይ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጥበሱ። እዚህ ላይ መቸኮል ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። መጥበሻው ከተጨናነቀ ውኃ ያወጣና ሥጋው መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። የሚቀቀል ሥጋ ደግሞ ያንን ጠቆር ያለ ጠርዝ በጭራሽ አያገኝም። ኦቨን ያለው ሰው የላይኛውን እሳት እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ ሥጋውን በሽቦ መደርደሪያ ላይ ዘርግቶ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ቢያቆየው ጥሩ ይወጣለታል።

እንግዳ ሲኖር ግን እኔ የምመርጠው ሌላውን መንገድ ነው። የተዘፈዘፈውን ቀጭን ሥጋ በረጅም የዳቦ መጋገሪያ ውስጥ እየደራረባችሁ ጫን ጫን አድርጉት። በፎይል ሸፍናችሁ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰዓት ገደማ ጋግሩት። ሲቀዘቅዝ ክብደት ያለው ነገር ጭናችሁበት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግስቱ እንደ ጡብ ጠንክሮ ይወጣል። ከዳር በስሱ እየቆረጣችሁ መጥበሻ ላይ ጠርዙን ማድረቅ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ከትሮምፖ የሚገፈፈውን በጣም የሚመስለው ይኼኛው ነው።

«ቀይ ስለሆነ ያቃጥላል፤ ስለዚህ በርበሬ ቢደረግበት ያው ነው»

ይህ በተለይ እኛ ዘንድ የሚዘወተር ስህተት ነው። የአል ፓስቶር ቀለም የሚመጣው በዋናነት ከሁለት ነገር ነው። አንዱ አቺዮቴ የሚባል ቀይ ፍሬ ነው። እሱ ጭራሽ አያቃጥልም፤ ቀለምና ትንሽ የአፈር ጣዕም ነው የሚሰጠው። ሁለተኛው ጉዋሂዮ የሚባለው ደረቅ ቃሪያ ነው። የጉዋሂዮ የማቃጠል ኃይል በስኮቪል መለኪያ ከ2,500 እስከ 5,000 ይደርሳል። ሚጥሚጣ የሚሠራባት ትንሿ ቃሪያ ብዙ ጊዜ ከ50,000 በላይ ናት። ልዩነቱን አስቡት።

የእኛ በርበሬ ደግሞ ቃሪያ ብቻ አይደለም። ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት ሁሉ አብሮ የተደለዘ ነው። ሥጋው ላይ ብትነሰንሱት ጥሩ ጥብስ ይወጣችኋል፤ አል ፓስቶር ግን አይሆንም።

ለ1 ኪሎ ሥጋ 4 ጉዋሂዮና 2 አንቾ የሚባለውን ጣፋጭ ደረቅ ቃሪያ ያዙ። ፍሬያቸውን አራግፉ። በደረቅ መጥበሻ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አመስ አድርጉ፤ ሽታቸው እንደወጣ ይነሱ። ካረሩ መራራ ይሆናሉ፣ ያንን መራራነት ምንም አይመልሰውም። በፈላ ውኃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ ከ2 ማንኪያ የአቺዮቴ ድልህ፣ ከ4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከሩብ ስኒ አቸቶ፣ ከግማሽ ስኒ የአናናስ ጭማቂ፣ ከከሙን፣ ከኦሬጋኖ፣ ከ2 ቅርንፉድና ከጨው ጋር በብሌንደር ፍጩት። አዶቦ የሚባለው ይኼ ነው።

አሜሪካ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ከሜክሲኮ ሱቅ በቀላሉ ያገኛል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ግን ዛላ በርበሬ ፍሬውና ውስጡ ያለው ነጩ ክር በደንብ ወጥቶለት፣ ከፓፕሪካ ጋር ሲደባለቅ ወደ እነዚህ ቃሪያዎች ይጠጋል። ዛላውን ገና ቅመም ሳይገባበት ነው የምትፈልጉት።

«ብዙ ባደረ ቁጥር ይጣፍጣል»

አናናስ ባይኖርበት ኖሮ እውነት ነበር። ጥሬ አናናስ ብሮሜሌን የሚባል ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው። ለጥቂት ሰዓት ከሆነ ሥጋውን ያለሰልሳል። ካደረ ግን ላዩን ያቦካዋል፤ ስትጠብሱት ጥርስ ላይ የሚይዝ ነገር አይኖረውም። በጥሬ ጭማቂ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በቂ ነው። ማሳደር ካለባችሁ ጭማቂውን አንድ ጊዜ አፍሉና አቀዝቅዙት፣ ወይም የታሸገ አናናስ ተጠቀሙ። ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል፤ የታሸገው ደግሞ ቀድሞ በሙቀት ያለፈ ነው። የምትበሉትን አናናስ ለብቻው ጠብሳችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሩ።

«ጮማ የሌለው ሥጋ ይሻላል»

አይሻልም። ኃይለኛ እሳት ላይ ቀይ ሥጋ ብቻ ከሆነ ይደርቃል። ትከሻ የሚመረጠው ጮማው በውስጡ ስለተሰራጨ ነው።

«የአሳማ ሥጋ እስኪደርቅ ካልበሰለ አደገኛ ነው»

ይህ ፍራቻ የመጣው ትሪኪኔላ ከሚባል ጥገኛ ትል ነው፤ ከንቱ ፍራቻም አልነበረም። ነገር ግን የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ላልተፈጨ የአሳማ ሥጋ ያወጣው መመሪያ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 3 ደቂቃ ማረፍ ይበቃዋል ይላል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥጋ በጋለ መጥበሻ ላይ ይህን ቶሎ ያልፈዋል። ይልቅ መጠንቀቅ ያለብን ሥጋው የተዘፈዘፈበትን አዶቦ ሳያፈሉ እንደ ስልስ ማፍሰስን ነው።

«ታኮ ማለት ጠንካራ ቅርፊት፣ አይብና ሰላጣ ነው»

እሱ የአሜሪካ ታኮ ነው፤ እንደ ታኮ ቤል ያሉ ምግብ ቤቶች ያስፋፉት። ሜክሲኮ ውስጥ አል ፓስቶር የሚቀርበው በለስላሳ ቂጣ ነው። አይብ የለበትም። አይብ የሚደረግበት ግሪንጋ የሚባል በስንዴ ቂጣ የሚሠራ ዘመዱ አለ፤ እሱም ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ ምግብ ነው። ታኮው ላይ የሚጨመቀው ሎሚ ደግሞ አገር ቤት የለመድነው ትንሿ ሎሚ ናት። ትልቁን ቢጫ ሎሚ ከማድረግ እሷን ፈልጉ።

«የትኛውም የበቆሎ ዱቄት ቂጣውን ይሠራል»

አይሠራም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ሱቅ የምናገኘውን ተራ የበቆሎ ዱቄት በውኃ ብታቦኩት ሊጡ አይያያዝም፤ ሲዘረጋም ይሰነጣጠቃል። የሜክሲኮ በቆሎ ከመፈጨቱ በፊት ከኖራ ጋር ይቀቀላል፣ ያድራል፣ ይታጠባል። በዚህ ሂደት ቅርፊቱ ይለቅቃል፣ ሊጡም መያያዝ ይችላል። ኒያሲን የሚባለው ቫይታሚንም ለሰውነት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲሄድ ይህ ዘዴ አብሮት ስላልሄደ በቆሎ ብቻ ይበሉ የነበሩ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ ተሠቃይተዋል።

ስለዚህ ማሳ ሀሪና የሚል የተጻፈበትን ዱቄት ግዙ፣ ወይም ቶርቲያ የሚባለውን የተዘጋጀ የበቆሎ ቂጣ። በደረቅ መጥበሻ ላይ በእያንዳንዱ ወገን ግማሽ ደቂቃ አሙቁና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ። ከጥቅሉ ሳይወጣ ይለስልስ። ቀዝቃዛ ቶርቲያ ይህን ሁሉ ልፋት ያበላሻል።

«ጥንታዊ የአዝቴክ ምግብ ነው፤ ያለ አሳማም አይሆንም»

አሳማ ወደ ሜክሲኮ የገባው ከስፔኖች ጋር ነው። በቁም ዘንግ መጥበስ ደግሞ ከሊባኖስና ከአካባቢው በመጡ ስደተኞች ገባ። እነዚህ ሰዎች ፑኤብላ ከተማ ውስጥ ሻዋርማቸውን ሲሸጡ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ «ታኮስ አራቤስ» የሚባለው ተወለደ። በግ ቀስ በቀስ በአሳማ ተተካ። በ1960ዎቹ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ቃሪያው፣ አቺዮቴውና የበቆሎ ቂጣው ተጨምረው ዛሬ የምናውቀው አል ፓስቶር ሆነ። ቤሩት ወይም ዱባይ ሻዋርማ በልቶ የሚያውቅ ሐበሻ ትሮምፖውን ሲያይ ወዲያው ይለየዋል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ጥቅም አለው። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ እስራኤል ያለው ቤተ እስራኤልም አሳማ አይበላም። በበግ ቢሠሩት ወደ ምንጩ ነው የሚመለሱት። የበግ ትከሻ በዚያው አዶቦ፣ በዚያው አቆራረጥ ይሠራል። የዶሮ ጭንም ደስ የሚል ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ በጥሬ አናናስ ከ1 ሰዓት በላይ አታቆዩት፣ ውስጡም 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት።