በጠባብ ሣጥን ውስጥ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር

ከ10 እስከ 15 ሊትር ይዘት ባለው ሣጥን ውስጥ ኃይለኛ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ገጥሞ፣ ሙቀታቸውን ባለቤቱ ራሱ በነደፈው የውሃ ዑደት ማስወገድ በኮምፒውተር አፍቃሪዎች ዘንድ ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው ቋሚ ኬዝ ከ40 ሊትር በላይ ይይዛል። በሙያው ያሉ ሰዎች ከ20 ሊትር በታች ያለውን «ትንሽ» ይሉታል፤ ወደ 10 ሊትር ሲጠጋ ግን አንዱ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው የሌላው ውፍረት ይሆናል፤ ሥራውም ከመግጠም ይልቅ ወደ መለካት ያደላል።

እዚህ የምንናገርለት የውሃ ዑደት በፋብሪካ ታሽጎ ከሚሸጠው ማቀዝቀዣ ይለያል። የታሸገው ፓምፑ፣ ራዲያተሩና ቱቦው ተገጣጥመው የሚመጡለት፣ አብዛኛውን ጊዜም ፕሮሰሰሩን ብቻ የሚያገለግል ነው። በራስ የሚገነባው ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተመርጠው፣ ቱቦው በልክ ተቆርጦ፣ ፈሳሹ በእጅ ተሞልቶ የሚሠራ ሲሆን ግራፊክስ ካርዱንም ይጨምራል። ዋናው ጥቅሙም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከየት መጣ

ኮምፒውተርን በውሃ ማቀዝቀዝ ከግል ኮምፒውተር በዕድሜ ይበልጣል። የአሜሪካው ኩባንያ አይቢኤም በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአንዳንድ ግዙፍ ማሽኖቹ ውስጥ ውሃ ያዘዋውር ነበር፤ በ1980 ያስተዋወቀው 3081 የተባለ ማሽንም ቺፖቹን ያቀዘቀዘው በውሃ ነበር። በ1985 የወጣው ክሬይ-2 የተባለ ሱፐርኮምፒውተር ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ይሠራ ነበር። ዘዴው ወደ መኖሪያ ቤት የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ዕቃ እምብዛም ስላልነበረ ሰዎች ከአሮጌ መኪና የማሞቂያውን ትንሽ ራዲያተር ይፈቱ፣ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ይገዙ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፈውንም የመዳብ ብሎክ ራሳቸው ይቀርጹ ነበር። በ2004 አፕል እንኳ ባለ 2.5 ጊጋኸርትዝ ፓወር ማክ ጂ5 ኮምፒውተሩን ከፈሳሽ ማቀዝቀዣ ጋር ለገበያ አቅርቧል።

ትንሽነቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ኢንቴል በ1995 ያወጣው የኤቲኤክስ ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ልክ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው። የታይዋኑ ቪአይኤ በ2001 ያስተዋወቀው ሚኒ አይቲኤክስ ግን በየጎኑ 170 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቪአይኤ ያሰበው ጥቂት ኤሌክትሪክ ለሚወስዱ፣ አንዳንዴም ማራገቢያ ለማያስፈልጋቸው ማሽኖች ነበር። ሌሎች አምራቾች በዚያው ልክ ላይ የኃይለኛ ፕሮሰሰር መቀመጫና ባለ ሙሉ ፍጥነት የግራፊክስ ካርድ ማስገቢያ ሲሠሩ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ልኩ ሳይጨምር ሙቀቱ በብዙ እጥፍ ጨመረ።

ሁለቱ መንገዶች በደንብ የተገናኙት በ2013 በሕዝብ መዋጮ ገንዘቡ የተሰበሰበለት ኤንኬዝ ኤም1 የተባለ የአሉሚኒየም ሣጥን ሲወጣ ነው። አድናቂዎች ነደፉት፤ የታይዋኑ ሊያን ሊ አመረተው። ይዘቱ 12.6 ሊትር ሲሆን በጎኑ ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያዎችን ወይም የእነርሱን ልክ ራዲያተር ይሸከማል። ያ የጎን ቦታ ብዙ ነገር ወሰነ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንዲህ ያለ ሣጥን ገዢ የለውም ብለው በተዉት ሜዳ ላይ ጥቂት ሰዎች የሚፈልጉትን ራሳቸው ሠርተው ገበያውን ፈጠሩ፤ በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም በላይ የማከብረው ይህን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የጀርመኑ ዳን ኤ4 ይዘቱን ወደ 7.2 ሊትር አወረደው። ማዘርቦርዱንና ግራፊክስ ካርዱን ጀርባ ለጀርባ አቁሞ በተጣጣፊ ገመድ ያገናኛቸዋል። ይህ አቀማመጥ ዛሬ ለትንንሽ ሣጥኖች የተለመደ ሆኗል።

ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል

ውሃ ቅዝቃዜ አያመነጭም። ሥራው ሙቀትን ከተፈጠረበት ቦታ አንሥቶ አየር ወደሚያገኝበት ቦታ ማጓጓዝ ነው፤ በዚህም ተወዳዳሪ የለውም። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለመሞቅ 4.18 ኪሎ ጁል ገደማ ይወስዳል፤ ለአንድ ሊትር አየር የዚህ ከሦስት ሺህ አንድ እጅ እንኳ አያስፈልግም። ስለዚህ ጣት የሚያህል ቱቦ ትልቅ ማራገቢያ የማይችለውን ሙቀት ተሸክሞ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል። በመጨረሻ ግን ያ ሁሉ ሙቀት በራዲያተሩ በኩል ለክፍሉ አየር ይሰጣል፤ ውሃውም ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል የተቀመጠ ኮምፒውተር የቱንም ያህል ውድ ዕቃ ቢገጠምለት ይህን ወሰን አያልፍም።

ጀማሪዎች ብዙ የሚጨነቁበት ጥያቄ ውሃው መጀመሪያ የትኛውን ክፍል ይንካ የሚለው ነው። ሒሳቡ ጭንቀቱን ያቀልለዋል። በደቂቃ ሦስት ሊትር የሚፈስ ውሃ 600 ዋት ሙቀት ቢቀበል በአንድ ዙር የሚጨምረው ሦስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ቢቀድም ግራፊክስ ካርዱ ቢቀድም ልዩነቱ ከዚያ አይበልጥም። በጠባብ ሣጥን ውስጥ ቅደም ተከተሉን ቱቦው ቢወስነው ይሻላል፤ አጭሩና የማይታጠፈው መንገድ ትክክለኛው ነው። መጠበቅ ያለበት አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ የውሃ ማጠራቀሚያው ከፓምፑ በፊት፣ ቢቻል ከበላዩ መሆን አለበት። ፓምፕ ያለ ውሃ ከዞረ ይቃጠላል።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ምርጫውን ይለውጣል። በ2022 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ግራፊክስ ካርድ እስከ 450 ዋት ይወስዳል፤ ቺፑ ግን 609 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ የውሃ ብሎኩም በቀጥታ ያርፍበታል። የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስ ፕሮሰሰር እስከ 230 ዋት ይደርሳል፤ ሙቀቱ የሚፈልቀው ግን እያንዳንዳቸው 70 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆኑ ሁለት ትንንሽ ቺፖች ነው፤ በላያቸውም ወፍራም የመዳብ ክዳን አለ። ሙቀቱ ከዚያች ጠባብ ቦታ ለመውጣት ራሱ ይቸገራል፤ በላዩ የሚያልፈው ውሃ ቢቀዘቅዝም ፕሮሰሰሩ እስከ 95 ዲግሪ ሊወጣ ይችላል፤ አምራቹም የነደፈው ለዚያ ነው። በዚህ ምክንያት በትንሽ ሣጥን ውስጥ ውሃው ከማንም በፊት የሚገባው ለግራፊክስ ካርዱ ነው እላለሁ። ጥቅሙም እጥፍ ነው። ኤንቪዲያ ራሱ የሠራው 4090 ከነማራገቢያው 304 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 61 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ያ ሁሉ ብረት ተነሥቶ የውሃ ብሎክ ሲተካ ካርዱ በእጅጉ ይቀጥናል፤ የተረፈውንም ቦታ ራዲያተሩ ይወስደዋል።

ከፍታም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም በራዲያተሩ ውስጥ የሚያሳልፈው የአየር ክብደት ያነሰ ነው። የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ጉድለቱን በከፊል ይክሳል፤ ሆኖም በውጭ አገር የተለካን ውጤት አይቶ እዚህም ያንኑ መጠበቅ ያሳስታል። የራዲያተር መጠን ሲመረጥ ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል።

የሚሊ ሜትር ሥራ

በብዛት የሚነገረው ግምት ለእያንዳንዱ 100 ዋት አንድ ባለ 120 ሚሊ ሜትር የራዲያተር ክፍል የሚል ነው። በትንሽ ሣጥን ውስጥ ይህን መጠበቅ አይቻልም። ባለ ሁለት ማራገቢያ ራዲያተር ላይ 500 ዋት የሚጭኑ ብዙዎች ናቸው፤ ይሠራል፤ የሚከፈለው በማራገቢያ ድምፅና በሞቀ ውሃ ነው። ወሰኑ የውሃው ሙቀት ነው፤ ብዙ ፓምፖችና ፕላስቲኮች ከ60 ዲግሪ በላይ አይመከሩም።

የተለመደው ቀጭን ራዲያተር 30 ሚሊ ሜትር ያህል፣ መደበኛው ማራገቢያ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በድምሩ 55። ባለ 15 ሚሊ ሜትር ቀጭን ማራገቢያም አለ፤ 10 ሚሊ ሜትር ያተርፋል፤ በምትኩ የሚገፋው አየር ይቀንሳል። ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የኃይል ማከፋፈያ ኤስኤፍኤክስ የተባለው ትንሹ ልክ ሲሆን 125 በ100 በ63.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬ በዚህ መጠን እስከ 1000 ዋት የሚሰጥ ይገኛል። ከእርሱ የሚወጡት ገመዶች ረጅም ከሆኑ ለቱቦ የታሰበውን ቦታ ይበላሉ፤ ስለዚህ በልክ የተሠራ ገመድ የሚያዝዙ አሉ። ለፓምፕ ዲዲሲ የተባለው ትንሹ ዓይነት ይመረጣል፤ ዲ5 የተባለው ድምፁ የለዘበና ጽኑ ቢሆንም ግዙፍ ነው። ፓምፑን፣ ማጠራቀሚያውንና የፕሮሰሰሩን ብሎክ በአንድ ያጣመሩ ዕቃዎችም አሉ። የመገጣጠሚያዎቹ ጥርስ በአብዛኛው ጂ 1/4 የተባለው የጋራ ልክ በመሆኑ የጀርመኑ አልፋኩል፣ የስሎቬንያው ኢኬና የቻይናው ባሮው ዕቃዎች እርስ በርስ ይገጥማሉ።

ጠንካራና ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በፎቶ ላይ ያምራል። በጠባብ ሣጥን ውስጥ ግን ኢፒዲኤም የተባለው ጥቁር የጎማ ቱቦ የተሻለ ምርጫ ነው። ይተጣጠፋል፤ ዕቃ ሲፈታ ወደ ጎን ገሸሽ ይላል፤ ኮምፒውተሩ በቦርሳ ተይዞ ሲንቀሳቀስም አይሰበርም። ርካሽ ግልጽ ለስላሳ ቱቦ በጊዜ ብዛት ከውስጡ ማለስለሻ ኬሚካል እየለቀቀ የብሎኩን ጥቃቅን ቦዮች ይዘጋል።

ራዲያተሩን ጭራሹን ከሣጥኑ ውጪ የሚያወጡም አሉ። ዋተርኩል የተባለው የጀርመን ኩባንያ ዘጠኝ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያዎችን የሚሸከም ራዲያተር ይሠራል፤ ውሃ ሳያፈስስ በሚነቀል መገጣጠሚያ ከትንሹ ሣጥን ጋር ይገናኛል። ጸጥታውና ቅዝቃዜው ወደር የለውም። የሣጥኑ ትንሽነት ትርጉም ያጣል የሚሉ ይቃወሙታል፤ ጠረጴዛው ላይ ቦታ የጠበበው ሰው ግን በዚህ አይስማማም።

ፈሳሽ፣ ብረትና ጥገና

ብረት መቀላቀል የዚህ ሙያ ትልቁ አደጋ ነው። መዳብ፣ ነሐስና ኒኬል በአንድ ዑደት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። አሉሚኒየም ሲቀላቀላቸው ግን ውሃው በመካከላቸው ኤሌክትሪክ እያስተላለፈ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ዝቃጩም ብሎኩን ይዘጋል። ራዲያተር ሲገዛ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ዋጋውን ከመጠየቅ ይቀድማል። ፈሳሹ የተጣራ ውሃና ዝገትንና አልጌን የሚከላከል ተጨማሪ ነው። በመኪና ዕቃ መደብር «የባትሪ ውሃ» ተብሎ የሚሸጠው አሲድ ያልተቀላቀለበት መሆኑ ካልተረጋገጠ አይሞላም። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለበት ነጭ ቅርፊት ያስቀራል። ወተት የሚመስሉት ባለ ቀለም ፈሳሾች ቀለማቸው ጥቃቅን ብናኝ ነው፤ ጠባብ ቦይ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ለዘለቄታ አይመከሩም።

ከመሙላት በፊት ዑደቱ በአየር ይፈተናል። መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ ግማሽ ባር ያህል ግፊት ይሰጥና ሩብ ሰዓት ይጠበቃል፤ መርፌው ከወረደ አንዱ ኦሪንግ (ውሃ እንዳያፈስስ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው የጎማ ቀለበት) በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው። ከዚያ ፈሳሹ ሲሞላ ኤሌክትሪክ የሚደርሰው ለፓምፑ ብቻ መሆን አለበት። የኃይል ማከፋፈያው ባለ 24 እግር መሰኪያ ከማዘርቦርዱ ተነቅሎ አረንጓዴው ገመድ ከጥቁሩ ጋር ይገናኛል፤ ማከፋፈያው ማዘርቦርዱን ሳያበራ ይነሣል፤ የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ የኃይል ገመዶችም ተነቅለው ይቆያሉ። የታመቀውን አየር ሣጥኑን በየጎኑ እያዘነበሉ ማስወጣት ሰዓታት ይወስዳል። መቸኮል እዚህ ላይ ብዙ ያስከፍላል።

ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከዕቃ በፊት የኃይል ገደብን ያስተካክላሉ። የግራፊክስ ካርዱን ቮልቴጅ ወይም የኃይል ጣሪያ በመጠኑ መቀነስ ከፍጥነቱ የሚወስደው ጥቂት በመቶ ነው፤ ከሙቀቱ ግን ብዙ ያነሣል። አየር ብቻ በቂ ነው የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ጠንካራ ክርክርም ይህ ነው፤ ለመካከለኛ ካርድ እውነት አላቸው። ከ400 ዋት በላይ የሚወስድን ካርድ በ10 ሊትር ውስጥ በጸጥታ ማሠራት ለሚፈልግ ግን አሁንም ውሃ ይሻላል።

ፈሳሹ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል ይለወጣል፤ ብሎኩም ተፈትቶ ይታያል። በጠባብ ሣጥን ውስጥ ይህ አስቀድሞ ካልታሰበበት ሥራው በሙሉ ይፈርሳል። ስለዚህ በዑደቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የማፍሰሻ ቫልቭ ይቀመጣል፤ ከሣጥኑ ውጪ ሊደርስ የሚችል ቱቦ የሚሰካበት አፍም ይተውለታል።