ስለ አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂፒኤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የልጆቻቸውን ጂፒኤ (አማካይ የትምህርት ነጥብ) የሚመዝኑት በማትሪክ ዘመን ትዝታ ነው። «እገሌ አራት ነጥብ አመጣ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው፣ ልጁ 4.2 ይዞ ሲመጣ ግራ ይጋባል፤ 3.3 ሲያይ ደግሞ ይቆጣል። ማትሪክ የአንድ ፈተና ውጤት ነበር። የአሜሪካው ጂፒኤ ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በየሰሚስተሩ የሚጠራቀም ስሌት ነው። ስሌቱን ያልተረዳ ወላጅ ልጁን ያለ ጥፋቱ ሊወቅሰው ይችላል፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

«85 ከመቶ ማለት 3.4 ማለት ነው»

አይደለም። የእያንዳንዱ ትምህርት ውጤት መጀመሪያ ወደ ፊደል ይለወጣል፤ ከዚያ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0 ነጥብ ይይዛል። ፕላስና ማይነስ በሚቆጠርባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ኤ ማይነስ 3.7፣ ቢ ፕላስ 3.3 ነው። ፕላስና ማይነስ በማይቆጠርበትና ኤ ከ90 በሚጀምርበት ትምህርት ቤት 99 ያመጣውም 90 ያመጣውም እኩል 4 ያገኛሉ፤ 89 ያመጣው 3 ላይ ይቀራል። «ሒሳብ ከ98 ወደ 92 ለምን ወረደ?» ብሎ የሚቆጣ ወላጅ፣ ትልቁ ኪሳራ በታሪክ የመጣው 89 መሆኑን ሳያስተውል ያልፋል።

«ነጥቦቹን ደምሮ በትምህርቶቹ ብዛት ማካፈል ነው»

ይህ የሚሠራው ሁሉም ትምህርቶች እኩል ክሬዲት (የትምህርቱ ክብደት መለኪያ) ሲኖራቸው ብቻ ነው። አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ ቢ፣ በአልጀብራ ኤ፣ በኬሚስትሪ ሲ፣ በታሪክ ቢ፣ በስፓኒሽ ኤ አመጣ እንበል፤ እያንዳንዳቸው 1 ክሬዲት ናቸው። አንድ ሰሚስተር ብቻ በሚሰጠውና 0.5 ክሬዲት ባለው የጤና ትምህርትም ኤ አለው። የስድስቱን ነጥብ ደምረን ለ6 ብናካፍል 3.33 ይመጣል፤ ስሕተት ነው። ነጥቡ በክሬዲቱ መባዛት አለበት፦ 3፣ 4፣ 2፣ 3፣ 4 እና 2 ሲደመሩ 18 ይሆናሉ፤ 18 ለ5.5 ሲካፈል 3.27። በየዓመቱ የተወሰደው ክሬዲት እኩል ካልሆነ፣ የሁለት ዓመታትን ጂፒኤ ደምሮ ለሁለት መክፈልም እንዲሁ ያሳስታል።

«ከ4 በላይ ጂፒኤ የለም»

አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለከባድ ትምህርቶች ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ትራንስክሪፕት (የተማሪው የውጤት መዝገብ) ላይ ሁለት ጂፒኤ የሚታየውም አንዱ ይህን ጭማሪ ስለሚቆጥር፣ ሌላው ስለማይቆጥር ነው። በቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ኦነርስ (ከመደበኛው ከበድ ያለ ትምህርት) 0.5፣ ኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት) 1 ነጥብ ይጨምራሉ። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን በኦነርስም በኤፒም የተገኘ ኤ 5 ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ የአጎት ልጆችን ጂፒኤ አስቀምጦ ማወዳደር ፍትሕ የለውም። እባካችሁ ይቅር።

«ቀላል ትምህርት ወስዶ ሁሉንም ኤ ቢያመጣ ይሻላል»

ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥሩን ብቻ አያዩም፤ ምን ተምሮ እንዳመጣውም ይመለከታሉ። ትምህርት ቤቱ ከሰጠው ውስጥ ከባዱን ሁሉ የሸሸ ተማሪ ትራንስክሪፕቱ ያሳብቅበታል። ጂፒኤውን በራሳቸው መንገድ እንደገና የሚያሰሉም አሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚቆጥረው የተወሰኑ መሠረታዊ ትምህርቶችን ነው፤ ፕላስና ማይነስ አይቆጥርም፤ ለተጨማሪ ነጥብም የ8 ሰሚስተር ገደብ አለው።

«9ኛ ክፍል አይቆጠርም»

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በስሌቱ የ9ኛ ክፍልን ውጤት አያስገባም፤ ወሬው የመጣው ምናልባት ከዚህ ይሆናል። በትምህርት ቤቱ ጂፒኤ ግን በአብዛኛው ይቆጠራል።

«ኋላ ላይ ይስተካከላል»

በከፊል ብቻ። በ9ኛና በ10ኛ ክፍል 12 ክሬዲት ወስዶ 2.5 የያዘ ተማሪ 30 ነጥብ አለው። 11ኛ ክፍል 6 ክሬዲት ወስዶ ሁሉንም ኤ ቢያመጣ 24 ይጨምርና 54 ለ18፣ ማለትም 3.0 ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ ያለ እንከን ሠርቶ ግማሽ ነጥብ! ይህ ልጅ ምስጋና ይገባዋል እንጂ «አሁንም ሦስት?» ሊባል አይገባም። መሻሻሉንም ትራንስክሪፕቱን የሚያነብ ሰው ያየዋል።

«ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ተማሪ ውጤቱን ወደ 4 መቀየር አለበት»

ትምህርት ቤቱ ጂፒኤ የማይሰጥ ከሆነ ተማሪው ራሱ ፈጥሮ መጻፍ የለበትም። ከመቶ የተሰጠውን ውጤት እንዳለ ያቅርብ፤ ዩኒቨርሲቲው በግምገማ ድርጅት እንዲተረጎም ከጠየቀ ያን ጊዜ ያስተርጉም። ጠበቅ አድርጎ በሚያርም ትምህርት ቤት 85 ያመጣ ተማሪ ከክፍሉ አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ በገዛ እጁ ወደ ቢ ቢለውጠው ራሱን ይጎዳል። ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ካልሰፈረ፣ ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ እንዲገልጽለት ይጠይቅ።