አፑ ካለቀ ተማሪው ራሱ ይመጣል? የኦንላይን ማስጠኛ ስናቅድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን ከተሰጠ ወዲህ ጅማ ላይ አንድ ወሬ በዝቷል፦ «የኦንላይን ማስጠኛ ልንከፍት ነው።» መምህራን ያወሩታል። የማስጠኛ ቤት ባለቤቶች ያወሩታል። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆችም ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እየጠጡ ያወሩታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ዕቅዱ ላይ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልያቸው።

«መጀመሪያ ፕሮግራመር ቀጥረን የራሳችንን ሲስተም እናሠራለን»

ለምን? ሙድል የሚባል ሶፍትዌር አለ። ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው የጀመረው፤ የመጀመሪያው ሙሉ ሥሪት በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኮዱ ክፍት ነው፣ ፈቃዱም ነጻ ነው። ምዝገባ፣ የቤት ሥራ፣ ፈተና፣ ውጤት፣ ሁሉም ውስጡ አለ። የሰርቨር ኪራይና የሚያስተዳድረው ሰው ደመወዝ ግን አይቀርም። ቢሆንም ከዜሮ ከማሠራት ጋር አይወዳደርም። ከዜሮ የጀመረ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው የይለፍ ቃል መቀየሪያ ገጽ ላይ ነው፤ ፊዚክስ የሚያስተምረው መምህር ጋ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ይሆናል።

«ቪዲዮ ከሌለው ምኑን ትምህርት ሆነ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። የዚያኑ መምህር ድምፅ ብቻውን በሰከንድ 32 ኪሎቢት ብትቀዱት አንድ ሰዓቱ 14 ሜጋባይት ገደማ ነው። ጥቂት የሰሌዳ ፎቶዎች ቢጨመሩበት እንኳ 20 ላይ ይቆማል። ጅማ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች፣ ዴዶ ወይም ሰቃ ሆኖ የቀን ጥቅል ለሚገዛ ልጅ ይህ ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። መማርና አለመማር ነው።

ረጅም ቪዲዮ ደግሞ ዳታ ያለውም ሰው አይጨርሰውም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት የአሜሪካዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሃርቫርድና ኤምአይቲ ባቋቋሙት የኦንላይን ትምህርት መድረክ፣ ኢዲኤክስ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምሮ ነበር። ቪዲዮው የፈለገውን ያህል ቢረዝም፣ ቢያንስ ግማሾቹ ዕይታዎች ከ6 ደቂቃ አላለፉም። የእኛ ሰው ግን የ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜውን እንዳለ ቀርጾ ይጭነዋል። ቪዲዮውን ዓይን ማየት ላለበት ነገር አስቀምጡት፤ ለምሳሌ ለኬሚስትሪ ሙከራ። የሒሳብ አሠራርን በእጅ ጽፎ ደረጃ በደረጃ ፎቶ ማንሳት ይበቃል።

«ሁሉም ስልክ አለው» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ስልኩ ብዙ ጊዜ የቤቱ እንጂ የልጁ አይደለም። አባት ቀን ይዞት ይወጣል፣ ልጅ የሚያገኘው ማታ ነው፤ ያኔ ደግሞ መብራት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ትምህርቱ አንዴ ወርዶ ያለ ኔትወርክ መከፈት አለበት። የሙድል የስልክ አፕ ይህን ያደርጋል። ኮሊብሪ የሚባለው ሌላው ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይጫንና ክፍል ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ያለ ኢንተርኔት፣ በዋይፋይ ብቻ ይማሩበታል። መግቢያውንም በኢሜይል አታድርጉት። ለተማሪው ኢሜይሉን የከፈተለት ብዙ ጊዜ የኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀውም እሱ ነው።

«ሰዓቱን ሲስተሙ ያውቀዋል»

አያውቀውም! ፈተናው 8:00 ተከፍቶ 9:00 ይዘጋል ብላችሁ ሞላችሁ እንበል። ለሲስተሙ ይህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ተማሪው ምሳውን በልቶ 8 ሰዓት ላይ ሲገባ ፈተናው ከተዘጋ 5 ሰዓት አልፎታል። የተከራያችሁት ሰርቨር በግሪንዊች ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ 3 ሰዓት ይዛነፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሰርቨሩን ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አስተካክሉ፤ ማስታወቂያው ላይም «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። የትውልድ ዘመንም እንዲሁ ነው። 2000 ብሎ የሞላውን ልጅ ሲስተሙ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል። ልጅ የነበረው ተማሪ መዝገብ ላይ ጎልማሳ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቀው ገጽም ያልፈዋል።

ስምም አለ። የፈረንጅ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም አምጡ ይላል፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። የሦስቱን ቦታ አስቀድማችሁ ካልወሰናችሁ አንዱ ሰርተፍኬት በአባት፣ ሌላው በአያት ይታተማል። ኃይሉን «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ ጸሐፊም ልጁ አልተመዘገበም ብሎ ይመልሰዋል።

«በአማርኛ ብቻ ይበቃል» ለሚሉ፦ ጅማ ላይ አይበቃም። ከወረዳ የሚመጣው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ተዉት። ማብራሪያውን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በድምፅ ቅዱት። ሁለት ጊዜ መቅዳት ከሁለት ቪዲዮ ይረክሳል።

የመጨረሻው «አንድ ሺህ ሰው ከተመዘገበ ተሳክቶልናል» የሚለው ነው። የኢዲኤክስ የሃርቫርድና የኤምአይቲ ኮርሶች ላይ እንኳ በ2017 እና 2018 እ.ኤ.አ. ከተመዘገበው የጨረሰው 3 በመቶ ገደማ ነበር። እነዚያ ስመ ጥሮች ናቸው። የእኛን በምን እንይዘዋለን? እኔ ብሆን ከበጀቱ ላይ ለአንድ ደዋይ ደመወዝ እይዛለሁ። ሳምንት ሙሉ ያልገባ ተማሪ ስም ዝርዝር ይሰጠዋል፤ እሱም ደውሎ ምን ሆነህ ነው ይላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ብዙዎቹ መልሳቸው አንድ ሊሆን ይችላል፦ ቡና ለቀማ። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ትምህርቱን አቅልሉ፣ ዋናውን ምዕራፍ ወደ ጥር አሻግሩ፣ የደዋዩንም የአየር ሰዓት ወጪ ከወዲሁ በጀቱ ውስጥ ጻፉት።