ትልቅ ሰው ሆኖ ሮለር? ስለኛ የሚባለውና እውነታው

መስቀል አደባባይ አካባቢ ሮለር ስኬት የምንነዳ ሰዎች አብዛኞቻችን የስራ ሰዎች ነን፣ ልጅ ያላቸውም አሉ፣ እና ስለኛ የሚወራውን ሰምቼ ሰምቼ ስለሰለቸኝ አንድ በአንድ ልመልስ ብዬ ነው።

«የልጆች ጨዋታ አይደል እንዴ?»

ኧረ አይደለም። ይሄ ሁለት ጎማ ከፊት ሁለት ከኋላ ያለው፣ ወደ ጎን ዘንበል ስትሉ አብሮ የሚዞርላችሁ ጫማ በፈረንጆቹ 1863 ፓተንት (የፈጠራ መብት) የወጣለት ነው፣ የሰራው ጄምስ ፕሊምፕተን የሚባል አሜሪካዊ የቤት እቃ ነጋዴ ሲሆን ኒውዮርክ ላይ መንጃ ቦታ የከፈተው ለህፃን ሳይሆን ለአዋቂ ነበር፣ ወንድና ሴት በጨዋ ደንብ አብረው እንዲዝናኑ። በዚሁ ጫማ ሆነው በዱላ ኳስ የሚጫወቱት ሮለር ሆኪ ደግሞ በፈረንጆቹ 1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ለማሳያ ተጫውተውታል። ያው ይሄን ሁሉ ለወያላ ቆሞ ማስረዳት ስለማይቻል «ፋዘር ልጅነት አማረህ?» ሲል ስቆ ማለፍ ነው።

«የሀብታም ነገር ነው»

አዲስ ጫማ ውድ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ከኛ ውስጥ አዲስ ገዝቶ የጀመረ ጥቂት ነው፣ አንዱ ከሰልባጅ አገኘ፣ አንዷ ውጭ ያለች እህቷ ላከችላት፣ ሌላው አደባባዩ ላይ ከሚያከራዩት ልጆች እየተከራየ ቆይቶ እቁብ ሲደርሰው ገዛ። ጫማ የሌለው ደግሞ ይዋሳል፣ እና እዚህ ጋ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ፦ እኛ ጋ ሰው በእግር ቁጥሩ ነው የሚጓደነው። 41 ቁጥር ከሆንክ 41 ቁጥር ካለው ሰው ጋ አንድ ጫማ ለሁለት ትነዳላችሁ፣ አንዱ ሲነዳ አንዱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ቦርሳ ይጠብቃል፣ ከዛ ሲቀያየሩ ወሬ ይጀመራል፣ ስለ ቤት ኪራይ ስለ አለቃ ምናምን። የባንክ ሰራተኛና ጋራዥ የሚሰራ ልጅ ሌላ ቦታ የት ተገናኝተው ያወሩ ነበር?

«መጀመሪያ በደንብ ልቻል፣ ከዛ እቀላቀላችኋለሁ»

ይሄ ነው በጣም የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ ተገልብጧል። የቻለ ሰው እኛን ምን ያደርግልናል፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ ይሄዳል እንጂ። ሰው የሚቀራረበው ሳይችል ነው። የመጀመሪያ ቀን የማታውቁት ሰው ሁለት እጃችሁን ይዞ ወደኋላ እየሄደ ይጎትታችኋል፣ እናንተ ደግሞ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ስለሆናችሁ ማፈሩ ራሱ ይረሳችኋል። ሃያ አመት ያልሞላት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይዛ «ጋሼ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉት፣ ወደኋላ አይንጠራሩ» ስትል ብታዩ፣ አንቱታው እንዳለ ነው ግን አስተማሪዋ እሷ ናት፣ እሳቸውም እሺ እያሉ ይታዘዛሉ።

የምናስተምረውም መጀመሪያ መሄድ ሳይሆን መውደቅ ነው። ጉልበት አጥፎ ዝቅ ማለት፣ ከወደቁም ወደፊት በጉልበት መከላከያው ላይ፣ ወደኋላ ከሆነ ግን የሚመታው ጅራት አጥንትና ጭንቅላት ነው። ሰው ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የእጅ አንጓ ነው፣ ስለዚ ብር ካጠረ ከክርን መከላከያው በፊት ሄልሜትና የአንጓ መከላከያ ግዙ። መቆሚያውም ይለያያል፣ አራት ጎማው ጣቱ ጋ ፍሬን አለው፣ ጎማው በአንድ መስመር የተደረደረው ደግሞ ተረከዝ ጋ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ እግር ላይ ብቻ።

«ሲሰበር ወጌሻ አለ»

አንጓው አብጦ ቅርፁ ከተቀየረ መጀመሪያ ራጅ። ሳይታይ ከታሸ የተሰነጠቀው አጥንት ቦታውን ሊለቅ ይችላል። ይሄን ስል የሚቆጡኝ አሉ፣ ይቆጡ። ከኛ ሰው ሲጎዳ አንዱ ራይድ ይጠራል፣ አንዱ አብሮ ይሄዳል፣ ማታ ቡድኑ ውስጥ መዋጮ ይጀመራል፣ በሚቀጥለው ቀን ብርቱካን ተይዞ ጥየቃ ነው፣ እንደማንኛውም ሰፈር።

«ሴት ልጅ፣ ደግሞ ባለትዳር...»

ይለፈኝ። ባሏን ሮለር ያስተማረች አለች እኛ ጋ።

«አዲስ አበባ ዳገት ናት፣ ለሮለር አትሆንም»

ግማሹ እውነት ነው። ከተማዋ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ትንፋሽ ያጥራል፣ ቸርችል ጎዳናን ከማዘጋጃ ወደ ለገሀር በጎማ እወርዳለሁ የሚል ጀማሪ ካለ ደግሞ ጓደኛ ሳይሆን ቤተሰቡን አማክሩልኝ። ግን አደባባዩ በ2013 ታድሶ ከተከፈተ ወዲህ ሰፊ ለጥ ያለ ቦታ አለ፣ በ2011 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀንም መኪና የሌለበት አስፋልት ምን እንደሚመስል አሳይቶናል። ለሸካራ መንገድ ለስላሳ ጎማ ይሻላል፣ ጎማው ላይ 78ኤ፣ 82ኤ የሚል ታያላችሁ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይለሰልሳል፣ ንዝረቱንም ይቀንሳል። ደመራ ወይ ታላቁ ሩጫ ሲሆን ቦታው የኛ አይደለም፣ በቃ እንለቃለን።

«ግሩፑ ውስጥ ስላለሁ አባል ነኝ»

ቴሌግራም ላይ ስቲከር የሚልከውና አደባባይ የሚመጣው ሰው አንድ አይደለም። የሚመጣውም ሁሌ ይፋቀራል ማለት አይደለም፣ ፈጣኖቹ በጀማሪዎች ይማረራሉ፣ ስፒከር ከፍቶ የሚመጣና ጠዋት ደረጃው ላይ የሚሮጡት ሰዎች ይጋጫሉ፣ ቲክቶክ ሊቀረፅ መጥቶ የሰው መንገድ የሚዘጋ አለ፣ የጎማ መፍቻ ቁልፍ ተውሶ የሚጠፋማ አይነሳ። አንዳንዶቹ ተኳርፈው ዞሩን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩም አይቻለሁ።

«ክረምት ሲገባ ትበተናላችሁ»

እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማ ይንሸራተታል፣ ጎማው ውስጥ ያለው ቤሪንግም (ኩሽኔታው) ይዝጋል፣ ስለዚ መንዳቱ ይቀንሳል፣ መገናኘቱ ግን አንድ ሰው ቤት ይዞራል። አንድ ጥንድ ባለ አራት ጎማ ጫማ 8 ጎማ አለው፣ በየጎማው 2 ቤሪንግ ሲሆን 16 ማለት ነው፣ ይሄ ሁሉ ወጥቶ በአልኮል ታጥቦ ደርቆ ጠብታ ዘይት እስኪነካው ቡናው ከአቦል በረካ ይደርሳል። በውሃ እንዳታጥቡት ብቻ፣ እና ጨርቅ ይዛችሁ ኑ፣ የቤቱ ባለቤት ፎጣ መስጠት ሰልችቷታል።