«በፈር ዞን» ምንድን ነው? ታይገር ለማየት ህንድ ለምትሄዱ

ቅዳሜ ዕለት ህንድ፣ ፑኔ ከተማ የሚማር አንድ ልጅ ደወለልኝ። ለእረፍቱ ታዶባ የሚባለው የታይገር ክልል ሄዶ ታይገር ሊያይ አስቦ ነበር። ኮር ዞን የሚባለው የመሃሉ ክፍል ቦታ ሁሉ ተይዞ አገኘው። የዙሪያው፣ የበፈሩ ግን ነበረ። «ታዲያ ለምን አልያዝክም?» አልኩት። «በፈር ዞን ገንዘብ መጣያ ነው፣ ታይገሩ ያለው ኮር ውስጥ ነው አሉኝ። ተውኩት» አለኝ።

ማን እንዳለው አልጠየቅኩትም። ይሄን ምክር ከስንት ሰው አፍ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። በዱር እንስሳት ጥናት እዚያው ህንድ ተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህም ሰው ይዤ እመላለሳለሁ። በዚህ ምክር የተነሳ ጉዞውን የሰረዘ ሰው ሳገኝ ከልቤ አዝናለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

አስቀድሜ አንድ የቃል ነገር ላጥራ። ታይገር ስል ባለመስመሩን ነው። ነብር ስል የኛኑ ባለነጠብጣቡን። ብዙ ሰው ሁለቱንም ነብር ይላል፣ አገራችን ታይገር ስለሌለ ችግር አይፈጥርም። ህንድ ጫካ ውስጥ ግን ሁለቱም ይኖራሉ። ዓመተ ምህረቶቹ ደግሞ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በፈር ዞን የሕግ ቃል ነው። የእንስሳ ብዛት የሚለካበት ቃል አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ህንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕጓን ያወጣችው በ1972 ነው። በዓመቱ ፕሮጀክት ታይገር የሚባለው የታይገር ማዳን ሥራ በዘጠኝ ቦታዎች ተጀመረ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ራጃስታን ውስጥ ያለው ሳሪስካ የሚባለው የታይገር ክልል አንድም ታይገር እንዳልቀረበት ታወቀ። አዳኝ ጨርሷቸዋል። ይህ የሆነው ከ2004 ወደ 2005 ሲሻገር ነው። አገሩ በሙሉ ደነገጠ። በ2006 ሕጉ ተሻሻለና እያንዳንዱ የታይገር ክልል ኮርና በፈር የሚባሉ ሁለት ክፍሎች እንዲኖሩት ተደነገገ።

ኮር ማለት ታይገሩ ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት እንዲኖርበት የተለየው ክፍል ነው። በፈር ደግሞ በዙሪያው ያለው ነው። ሕጉ በፈርን ሲገልጽ «ዝቅ ያለ ጥበቃ» የሚያስፈልገው ይለዋል። ሰውን ያሳሳተችው ይህቺ ሐረግ ትመስለኛለች። ዝቅ ያለው በሰው ላይ የተጣለው ክልከላ ነው። በፈር ውስጥ መንደር አለ፣ እርሻ አለ፣ ከብት ይሰማራል። እንስሳው ዝቅ አላለም። እንዲያውም በፈር ያስፈለገበትን ምክንያት ሕጉ ራሱ ሲዘረዝር፣ ታይገሮች ከኮር ወጥተው የሚበተኑበት በቂ ቦታ እንዲያገኙ ይላል። ሰውና አውሬ አብረው እንዲኖሩ ማድረግ ደግሞ ሌላው ዓላማ ነው። ታዲያ ለታይገር መበተኛ ተብሎ በሕግ የተከለለ ቦታ ላይ ታይገር የለም ማለት ከየት የመጣ ነው?

በቤት ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ግቢ አስቡ። ዋናው ቤት ኮሩ ነው። ግቢው በፈሩ ነው። ዋናው ቤት ጓዳ አለው፣ ሳሎን አለው። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም። ኮርም እንደዚሁ ነው። በ2012 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታይገር ክልሎች ኮር ውስጥ ቱሪዝምን ለጊዜው አግዶ ነበር። ጁላይ ላይ አግዶ ኦክቶበር ላይ ያነሳው፣ መንግሥት መመሪያ ካወጣ በኋላ ነው። በመመሪያው መሠረት ለጎብኚ የሚከፈተው የኮሩ ክፍል ከ20 በመቶ አይበልጥም። የቀረው ጓዳ ነው። ስለዚህ «ኮር ገባሁ» የሚል ሰው የገባው ሳሎን ነው። ይሄን የምለው ኮርን ለማሳነስ አይደለም። ብዙ ሰው ኮር ሲባል የጫካው እምብርት ድረስ የሚዘልቅ ስለሚመስለው ነው።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። ቤት ውስጥ ልጆች ያድጋሉ። ትልቁ ወንድ ልጅ ሃያ ሲያልፈው ከአባቱ ጋር በአንድ ጣሪያ መተኛት ይከብደዋል። ምን ይደረጋል? ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ይሰጠዋል። ታይገርም ልክ እንደዚህ ነው። ግልገል ከእናቱ ጋር ሁለት ዓመት ገደማ ይቆያል። ከዚያ የራሱን ግዛት መፈለግ አለበት። ኮሩ በጎልማሶች ተይዟል። ወንዱ ከቆየ ጠንካራው ይገድለዋል። ስለዚህ ይወጣል፣ ሰርቪስ ቤት ይገባል። ሴቷም ብዙ ጊዜ ከእናቷ ጎን ትንሽ ግዛት ይዛ ትቀራለች፣ ያ ጎን በፈር ሊሆን ይችላል። እዚያው ትወልዳለች። ሰርቪስ ቤት የተወለደ ልጅ ደግሞ ግቢውን እንጂ ዋናውን ቤት አያውቅም። እንዲህ ያሉ ታይገሮች በፈርን ቤታችን ብለው የሚኖሩ ናቸው፣ መንገድ ስተው የመጡ አይደሉም።

ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታም አለ፣ እሱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በግቢው ውስጥ ያሉትን የመንደር ሰዎች እንደ ተከራይ እንዳታዩአቸው። ካርታው ሳይሠመር በፊት እዚያ የነበሩ ናቸው። ካንሃ በሚባለው ሌላ የታይገር ክልል አካባቢ እንደ ባይጋና ጎንድ ያሉ ሕዝቦች ዋናው ቤት ከተባለው ቦታም ሳይቀር ተነስተዋል። ስለ ኮር ንጹሕነት ስናወራ ይሄም አብሮ መነገር አለበት።

«እሺ፣ ኮር ውስጥ ግን ታይገር አይበዛም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይበዛል። አልክድም። በአብዛኛው ክልል በካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰላ ኮሩ ይበልጣል። ነገር ግን መብዛትና መታየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ታይገር የምታዩት ከመንገድ ላይ ነው። መንገዱ በውሃ አጠገብ ያልፋል ወይ? ሳሩ ረጅም ነው ወይ? ግልገል የያዘች እናት በአካባቢው አለች? መኪና ለምዳለች? እነዚህ ናቸው የሚወስኑት። በ2022ቱ ቆጠራ የህንድ ታይገሮች በአማካይ ግምት 3,682 ናቸው ተብሏል። ይህ ቁጥር ካሜራ ወጥመድ (እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ) ያነሳውን የታይገሩን የመስመር ቅርጽ እያመሳከሩ፣ ካሜራ ያልደረሰበትን ደግሞ በስሌት እየሞሉ የሚገኝ ግምት ነው። ለጥበቃ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ነው። በየትኛው በር ልግባ ለሚል ሰው ግን ምንም አይነግረውም።

አንድ ጠዋት ልንገራችሁ። ታዶባ፣ አጋርዛሪ የሚባለው የበፈር በር፣ ኤፕሪል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው የገባነው። መንገዱ ቀይ አቧራ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አስጎብኚያችን እጁን አነሳ፣ ሹፌሩ ሞተር አጠፋ። ላንጉር የሚባለው ጦጣ ከዛፍ ላይ እንደሚያስል ሰው ድምፅ አሰማ። ቺታል አጋዘኖቹ ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አፈጠጡ። ሴቷ ታይገር ከቀርከሃው ወጣች። ወደ እኛ ዞራም አላየችም። መንገዱን ይዛ በእርጋታ ሄደች፣ አንድ ዛፍ አሸተተች፣ ሽንቷን ረጨችበትና ገባች። እኛ ወደ መንገዱ ስንጠጋ ዱካዋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመዳፏ ምልክት ያረፈው የብስክሌት ጎማ ዱካ ላይ ነበር። አጠገቡ የላም ኮቴ አለ። በፈር ዞን ምንድን ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ያ አንድ ክንድ የሚሆን አቧራ ነው።

የብስክሌቱ ባለቤት ግን አለ። በዚያ ወቅት ሴቶችና ወንዶች ጎህ ሳይቀድ የማሁዋ አበባ ሊለቅሙ ጫካ ይገባሉ። አጎንብሶ አበባ የሚለቅም ሰው ለታይገር አጋዘን ይመስላል። ታዶባ ያለበት የቻንድራፑር አውራጃ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው አጥቷል። በፈር ላይ ታይገር መኖሩ ለእኛ ደስታ ነው፣ ለነሱ ደግሞ ስጋት ነው። አስጎብኚውና ሹፌሩ ብዙውን ጊዜ የዚያው መንደር ልጆች ናቸው። የምትከፍሉት ገንዘብ ከስጋቱ ጋር የሚኖረው ሰው እጅ በቀጥታ ከሚገባባቸው ጥቂት መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። «ገንዘብ መጣያ» የሚለው ቃል ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

የበፈርን ስም ያጠፉ ሌሎችም አሉ። አንድ የጉዞ ወኪል «የብሔራዊ ፓርክ ሳፋሪ» ብሎ ሸጦልኝ፣ በሩ ላይ ስደርስ ወረቀቱ የበፈር ሆኖ አገኘሁት። ሥራ ስጀምር ነው። ካንሃ ብሔራዊ ፓርክ የካንሃ ታይገር ክልል አንድ ክፍል እንጂ ሁሉም አይደለም። በፈሩ ከፓርኩ ወሰን ውጭ ነው። ስለዚህ ያ ወኪል ዋሽቶኛል። ሰው እንደዚህ ሲታለል በፈሩን ይጠላል፣ የሚጠላው ግን ሻጩን መሆን ነበረበት።

ኮር የግድ የሚሆንባቸው ጉዳዮች አሉ። ካንሃ ሄዳችሁ ባራሲንጋ የሚባለውን ባለትልቅ ቀንድ አጋዘን በሰፊው ሜዳ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ኮር ግቡ። ካንሃ ውስጥ በ1970 ገደማ ወደ 66 ወርዶ ነበር። ሊጠፋ ተቃርቦ የዳነ እንስሳ ነው፣ ቤቱም እነዚያ ሜዳዎች ናቸው። ነብር ለማየት ግን በፈር ይሻላል እላለሁ። ነብር ታይገር በበዛበት አይመቸውም፣ ወደ ዳር ይገፋል። ዳሩ ደግሞ በፈር ነው። የራሳችንን አውሬ ህንድ ሄዳችሁ ማየት የምትሹ ካላችሁ ይሄን አስታውሱ።

ካፋን ወይም ያዩን ከዩኔስኮ ባዮስፌር ጋር በተያያዘ የምታውቁ፣ ኮርና በፈር የሚሉትን ቃላት ሰምታችኋል። ቃሉ አንድ ነው፣ ደንቡ ግን ይለያያል። የዚያን ትርጉም ወደ ህንድ አትውሰዱ። ራንታምቦር በሚባለው የታይገር ክልል ደግሞ ዞኖቹ ከ1 እስከ 10 ቁጥር አላቸው፣ ቁጥሩ ስም ነው እንጂ ደረጃ አይደለም።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ምን መከርኩት? በአንድ ዙር፣ ማለትም በአንድ ጠዋት ወይም በአንድ ከሰዓት ጉብኝት፣ ታይገር አይቼ እመለሳለሁ እንዳይል። አራት ዙር ቢይዝ፣ ሁለቱን ኮር ሁለቱን በፈር። የኮር ቦታ ከወራት በፊት ያልቃል፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ፣ ዲዋሊና ሆሊ በሚባሉት የህንድ በዓላትና በፈረንጅ ገና ሰሞን። በፈር ቀኑ ሲቃረብም ይገኛል። ካንሃ ያለበት የማድያ ፕራዴሽ ግዛት ፓርኮች ኮር ክረምቱን ዝግ ነው፣ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው፣ በኛ መስከረም 21 ገደማ ማለት ነው። ጁን መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ታዶባ ማክሰኞ አይሠራም። ካንሃ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የለም። ኤፕሪልና ሜይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ግን ውሃ ስለሚያንስ እንስሳው ኩሬ ዳር ይገኛል። ጃንዋሪ ካንሃ ጠዋት ክፍት ጂፕ ላይ እጅ ያደነዝዛል፣ ጋቢ ያዙ።

ፈቃዱ በፓስፖርት ቁጥር ነው የሚቆረጠው። ዋናውን ፓስፖርት በሩ ላይ ያያሉ፣ ፎቶው አይበቃም። ወረቀቱ ላይ 06:00 ካለ በኛ 12 ሰዓት ነው። ይሄን የምጽፈው በኛ ስድስት ሰዓት መስሎት የተኛ ሰው ስላየሁ ነው።

ወኪል ካላችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «የበሩ ስም ማን ይባላል?» ስሙን ከነገራችሁ ሰኮንድ በማይሞላ ፍለጋ ኮር ይሁን በፈር ታውቃላችሁ። ካንሃ ላይ ኪስሊ፣ ሙኪ ወይም ሳርሂ ካለ ኮር ነው። ሲጆራ ካለ በፈር ነው። «እሱን እዚያ ስትደርሱ እንነግራችኋለን» ካላችሁ ሌላ ወኪል ፈልጉ። ልጁ ትናንት መልእክት ላከልኝ። አጋርዛሪን ለሁለት ጠዋት ይዟል።