ከሪፕ እስከ ሴኔት፦ የተማሪ ውክልና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተማሪን መወከል የሚጀምረው ከክፍል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ገብቶ «ተጠሪያችሁ ማነው?» ይላል። ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ከኋላ አንዱ የጓደኛውን ስም ይጠራል፣ ክፍሉ ያጨበጭባል፣ አለቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ «ሪፕ» ነው። በስሙ የሚጠራው ሰው እየቀነሰ ይሄዳል።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። መምህር ሲቀር ደውሎ መጠየቅ፣ ለሜካፕ ክላስ (ለማካካሻ ትምህርት) ባዶ ክፍል መፈለግ፣ ሃንድአውቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ማድረስ፣ የቴሌግራም ግሩፑን መያዝ። ከባዱ የፈተና ቀን ነው። ግማሹ ክፍል «ሚድ (የአጋማሽ ፈተና) ይገፋልን» ሲል ግማሹ «አሁኑኑ ይለቅልን» ይላል። ሪፑ ሁለቱንም ይዞ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግማሹ ያኮርፈዋል። ብዙ ክፍሎች አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይመርጣሉ። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ለወንድ ሪፕ የማይነገር ብዙ ጉዳይ አለ።

ከክፍል በላይ ያለው የተማሪዎች ኅብረት ነው። ተማሪ የመደራጀትና በሚመለከተው ጉዳይ ላይ የመሳተፍ መብቱ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የታወቀ ነው። ቀድሞ አዋጅ ቁጥር 650/2001 ነበር፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተተካ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው አወቃቀር ይህን ይመስላል፦ ከየኮሌጁ የተመረጡ ተወካዮች ምክር ቤት ይሆናሉ፤ ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ይኖረዋል፤ የዕለት ሥራውን ፕሬዚዳንት የሚመራው ሥራ አስፈጻሚ ይይዘዋል። ለዕጩነት ብዙውን ጊዜ ደህና ውጤትና ንጹሕ የዲሲፕሊን መዝገብ ይጠየቃል። ደመወዝ የለውም። የኅብረቱ ሰዎች ከተማሪዎች ዲን ጋር ይሠራሉ፤ የተማሪ ወኪል እስከ ሴኔት ድረስ ወንበር አለው። ሴኔት ማለት የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉዳይ ሁሉ የሚወሰንበት ጉባኤ ነው። ፕሮፌሰሮች በሞሉበት አዳራሽ እጅ አውጥቶ መናገር ለሃያ ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

ሐዋሳን ለየት የሚያደርገው የግቢዎቹ ርቀት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ ሲቋቋም የተሠራው ቀድመው የነበሩ ኮሌጆችን በማዋሐድ ነበር፦ የአዋሳ ግብርና ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና የዲላው የመምህራንና ጤና ኮሌጅ። ዲላ በኋላ ወጥቶ ራሱን ቻለ። ዛሬ ዋናው ግቢ፣ ቴክኖሎጂው፣ ግብርናውና ተማሪው «ሪፈራል» የሚለው የጤና ግቢ ከተማው ውስጥ ናቸው፤ በባጃጅ ይደረሳል። ወንዶ ገነት ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የአዋዳ ግቢ ያለው ይርጋለም ነው። የዳዬ ግቢ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዳዬ ላይ ውሃ ቢጠፋ ዋናው ግቢ ያለው የኅብረቱ ፕሬዚዳንት የሚሰማው በስልክ ነው። ስለዚህ በሩቅ ግቢዎች እውነተኛው ተወካይ የግቢው ወኪል ነው፤ ኃላፊውን በር ላይ ጠብቆ የሚይዘው እሱ ነው።

ወኪሎች ከማንኛውም ነገር በላይ የሚጠየቁት ስለ ካፌ፣ ማለትም ስለ ተማሪዎች ምግብ ቤት ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው ለዓመታት 15 ብር ነበር። በዚያ ገንዘብ ቁርስ፣ ምሳና እራት። ዳቦው አነሰ፣ ወጡ ቀጠነ ሲባል ቅሬታው የሚያርፈው ኅብረቱ ላይ ነው። በጀቱን የሚወስነው መንግሥት መሆኑን ረሃብተኛ ተማሪ አይሰማም። ወኪሉ ማድረግ የሚችለው ዕቃ ሲገባ ቆሞ ማየት፣ ድስቱን መቅመስ፣ ሰልፉን ማስተካከል ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዱቄቱ ሲመዘን ተማሪ ቆሞ ካየ ነገሩ ይለያል።

ኅብረት የማይስበው ተማሪ ሌላ በር አለው። ክበባት አሉ፦ ቀይ መስቀል፣ በጎ አድራጎት፣ የሰላም ፎረም። ሴት ተማሪዎችና አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችም ጉዳያቸውን ራሳቸው ይዘው የሚቀርቡበት አደረጃጀት አላቸው። እንደኔ እንደኔ፣ ብዙ ጊዜ ቶሎ ውጤት የሚታየው እዚህ ነው። ጥያቄው አንድና ግልጽ ነውና፦ መወጣጫ ይሠራልን፣ መብራት ይተከልልን፣ ለዓይነ ስውራን አንባቢ ይመደብልን።

ውክልናው ያለ ጥላ አልኖረም። በኢሕአዴግ ዘመን «አንድ ለአምስት» የተባለው፣ ሰውን በትንንሽ ቡድን በአንድ ተጠሪ ሥር የሚያደራጀው አሠራር ክፍል ድረስ ገብቶ ነበር፤ ያኔ ተጠሪ የሚለው ቃል ለብዙዎች ጆሮ ጠቢ ማለት ሆኖ ቀረ። ዛሬም ዕጩ ሲቀርብ «የየት አገር ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ «ምን ሠርቷል?» ከሚለው የሚቀድምባቸው ግቢዎች በአገሪቱ ጥቂት አይደሉም። ከኢሕአዴግ ዘመን በፊት ደግሞ ውክልና ሕይወት ያስከፍል ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት የተገደለው ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ነው።

የዛሬው ወኪል ትልቁ ጠላቱ ጊዜ ነው። ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) ሆኖ ግቢውን ይለምዳል፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ይታወቃል፣ ሦስተኛ ላይ ይመረጣል። የትኛው ቢሮ ምን እንደሚፈርም ገና ሲገባው ጂሲ (ተመራቂ) ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ይሮጣል። ከሐምሌ በኋላ ለተተኪው የሚደርሰው የቢሮ ቁልፍ፣ ማኅተምና መልስ ያልተጻፈበት የደብዳቤ ክምር ነው።